በኅዳር ያበበ ቡና፤ ያለ ወቅቱ የሚታይ አበባ በሐይቅ ዳርቻ ጓሮዎች

በጣና ሐይቅ ዳርቻ በሚገኙ የቡና ጓሮዎች አንዳንድ ዓመት የሚታይና የልማት ሠራተኛውን ለብዙ ጥያቄ የሚዳርግ ነገር አለ። ይኸውም ለቀማው በተጀመረበት በኅዳር ወር፣ ቀይ ፍሬ በተሸከመው ዛፍ ላይ፣ አንዳንዴም በዚያው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነጭ አበባ ፈክቶ ማደሩ ነው። ይህን ያየ አንዱ ገበሬ «ዘንድሮስ ሁለት ጊዜ ሊሰጠን ነው» ብሎ ይደሰታል። ሌላው ደግሞ ዛፉ ታመመ ብሎ ይሰጋል። ነጋዴም ወሬውን ሰምቶ «በአበባው እገዛሃለሁ» ብሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ አበባው ከየት እንደመጣና ምን ሊደረግ እንደሚገባ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ቢኖር ያለ ወቅቱ ያበበ አበባ ተጨማሪ ሰብል አለመሆኑ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሊያብብ ከሚገባው እንቡጥ ላይ ቀድሞ የወጣ ነው። ቡና የሚያፈራው በቅርቡ ባደገ ቀንበጥ ላይ ሲሆን አንድ ጊዜ ያፈራ አንጓ በአብዛኛው ዳግመኛ አያፈራም። ስለዚህ በኅዳር የፈካው አንጓ በመጋቢት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ገበሬው ሁለት ምርት አገኘሁ ሲል በእርግጥ ያገኘው አንዱን ምርት ለሁለት ተከፍሎ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለማድረቅ በማያመች ወቅት ይደርሳል።

አበባው እንዴት ይነሣል?

የቡና አበባ በአንድ ሌሊት የሚፈጠር አይደለም። በክረምቱ ወራት ቀንበጡ ሲያድግ በየአንጓው፣ በቅጠሉ ብብት ውስጥ ጥቃቅን እንቡጦች ይበቅላሉ። እነዚህ እንቡጦች ርዝመታቸው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲደርስ ዕድገታቸውን አቁመው ያንቀላፋሉ። አረንጓዴ ናቸው፤ ካልተጠጉአቸው አይታዩም። ዝናቡ ቆሞ መሬቱ እየደረቀ ሲሄድ ዛፉ የውኃ ጥማት ይሰማዋል፤ ይህ ጥማት እንቡጡን አይገድለውም፤ እንዲያውም ለመፍካት ያዘጋጀዋል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ በቂ ዝናብ ሲወርድ፣ አንዳንዴም አየሩ በድንገት ሲቀዘቅዝ፣ እንቡጡ ይነቃና በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጭ ሆኖ ይረዝማል፤ ዝናቡ ከወረደ ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም በማለዳ ይፈካል። ከፈካ በኋላ ዕድሜው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው።

በመደበኛው ዓመት ይህ የሚሆነው ረጅሙ በጋ አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ሲጥል ነው። ጥማቱ ረጅም ስለነበረ አብዛኛው እንቡጥ እኩል ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል፤ ጓሮውም ባንድ ጊዜ ነጭ ይሆናል። ነገር ግን ክረምቱ ቀደም ብሎ በመስከረም ቢቆምና መሬቱ ጥቂት ሳምንታት ከደረቀ በኋላ በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጥሩ ዝናብ ቢመጣ፣ ቀድመው የበሰሉት እንቡጦች እንደ በልግ ዝናብ ቆጥረውት ይነቃሉ። ዛፉ ቀን መቁጠሪያ የለውም፤ የሚያውቀው ጥማትንና ውኃን ነው። የኅዳሩ አበባ ምንጭ በአብዛኛው ይህ ነው።

ምን ያህል ዝናብ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ፣ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ብዙውን ጊዜ አበባውን ለመቀስቀስ በቂ ነው። ከዚያ ያነሰ ካፊያ ጥቂቶቹን ብቻ ይቀሰቅስና ሌሎቹን ባሉበት ይተዋቸዋል፤ ዝብርቅርቅ ያለ አበባም የሚመጣው ከዚህ ነው። በጣቢያው የዝናብ መለኪያ ከሌለ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ዛፍም ጣራም በሌለበት ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጦ፣ ጠዋት ጠዋት በማስመሪያ የውኃውን ከፍታ መለካት ይቻላል። በጣሳው ውስጥ 1 ሳንቲ ሜትር ውኃ ከተገኘ 10 ሚሊ ሜትር ዘንቧል ማለት ነው።

አንድ የተለየ አበባም አለ። ቅጠላቸው ያልተዘረጋ፣ ትናንሽና አረንጓዴ ያዘሉ፣ ደረቅ ደረቅ ያሉና የኮከብ ቅርጽ ያላቸው አበቦች በነጮቹ መካከል ሲታዩ እንቡጡ በሚገባ ሳይዘጋጅ ወይም በከባድ ሙቀት ውስጥ እንደነቃ ያመለክታሉ። እነዚህ ፍሬ አይዙም። ገበሬው በአበባው ብዛት እንዳይታለል የልማት ሠራተኛው ለይቶ ሊያሳየው ይገባል።

ሐይቁ ምን ያደርጋል?

የአየሩ ጠባይ ለስላሳ በሆነበት የባሕር ዳርቻ ዕፀዋት ዘግይተው ማበባቸው በብዙ አገር የታወቀ ነው። ለምሳሌ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ጽጌረዳ እስከ ታኅሣሥ አብቦ ሊገኝ ይችላል፤ ዕድገቱን የሚያስቆመው ውርጭ በባሕሩ ሙቀት ምክንያት ስለሚዘገይ ወይም ጨርሶ ስለማይመጣ ነው። የእኛ ነገር ከዚህ ይመሳሰላል፤ ይለያልም።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ነገር ግን ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሐይቅ ነው። ይህ ሁሉ ውኃ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ በዳርቻው ያለ ጓሮ እንደ ደጋው ሜዳ በሌሊት አይቀዘቅዝም። ለቡናው ይህ ጥሩ ነው። በሌላ በኩል ግን በውኃው አጠገብ ያለው መሬት ከሥር ርጥበት ስለሚያገኝና አየሩም እርጥብ ስለሆነ፣ ዛፉ በበጋው በሚገባ አይጠማም። በግማሽ የተጠማ ዛፍ ደግሞ እንቡጡን ባንድነት አያዘጋጅም፤ ከፊሉ በጥቅምት፣ ከፊሉ በታኅሣሥ፣ ከፊሉ በሚያዝያ ይነቃል። እንግዲህ በባሕር ማዶው ጓሮ አበባውን የሚያቆየው የብርድ መዘግየት ሲሆን በእኛ ዘንድ ግን የጥማት መጉደል ነው። ሁለቱም ጋ የጎደለው ነገር ዛፉን «ዕረፍ» የሚለው ምልክት ነው።

ልዩነቱን በአንድ ጓሮ ውስጥ እንኳ ማየት ይቻላል። ከውኃው ጠርዝ ራቅ ባለውና ቶሎ በሚደርቀው ተዳፋት ላይ ያለው ቡና አበባው የተባበረ ይሆናል። ከዳርቻው አጠገብ፣ ከቤት ጣሪያ ፍሳሽ ሥር፣ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ውኃ በሚደፋበት ቦታ ያለው ግን ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ሲያብብ ይገኛል። ጥላውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጥላ በሳሳበት ቦታ ያለ ቡና ብዙ እንቡጥ ስለሚይዝ ያለ ወቅቱ የሚያብበውም በዚያው ልክ ይበዛል።

በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ጉዳዩ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። በዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ በቆየ የሃይማኖት ሥርዓት የተከለከለ በመሆኑ ኑሮው የተመሠረተው በዛፍ ሰብል ላይ ነው፤ ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚና ሌላም ፍራፍሬ። እህል ከገበያ ይገዛል። እህል የሚዘራ ገበሬ የቡናው አበባ ቢበተንበት በጎተራው ይደገፋል፤ የቡናውን ገንዘብ ይዞ ለእህል ወደ ገበያ የሚሄድ ቤተሰብ ግን ምርቱ መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ቀኑን መቁጠር

ያለ ወቅቱ ያበበ አበባ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጥሩም ሆነ መጥፎ የሚያሰኘው ያበበበት ቀን ነው። ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ያለው ጊዜ ከ7 እስከ 9 ወር ነው፤ ቦታው ከፍ ባለና ጥላው በበዛ ቁጥር ይረዝማል። የልማት ሠራተኛው ያበበበትን ቀን በማስታወሻው ከያዘ ቀሪው የመቁጠር ሥራ ብቻ ይሆናል። ጥቂት ምሳሌዎች እንስጥ።

በጥቅምት 26 ዘንቦ ኅዳር 6 ቀን ያበበ ቡና ፍሬው የስፒል ራስ አክሎ የሚቆየው በታኅሣሥና በጥር መጀመሪያ ደረቅ ወራት ነው። ጓሮው ደረቅ ከሆነ አብዛኛው ይረግፋል። ርጥበት ያገኘው ተርፎ ከሰኔ 6 እስከ ነሐሴ 6 ባለው ጊዜ ይቀላል፤ ይኸውም ዝናቡ እጅግ በሚበረታበት ወቅት ነው። ፍሬው በዛፉ ላይ ይሰነጠቃል፤ ይረግፋል፤ ተለቅሞም በአልጋ ላይ ይሻግታል። ጀንፈል ለማድረቅ ተከታታይ ፀሐይ ያስፈልጋልና በሐምሌ ያለ ሽፋን አይታሰብም።

በታኅሣሥ 25 ዘንቦ ጥር 5 ቀን ያበበው ደግሞ ከነሐሴ 5 እስከ መስከረም 30 ይደርሳል። የመጀመሪያው ለቀማ ይበላሻል፤ የመጨረሻው ግን ዝናቡ ከቀለለ በኋላ ስለሚሆን ሊተርፍ ይችላል።

መደበኛው አበባ ግን በመጋቢት 30 ቢሆን ከጥቅምት 25 እስከ ታኅሣሥ 25 ባለው ጊዜ ይቀላል፤ ያኔ ፀሐይ አለ፤ ሰማዩም የጠራ ነው። ይህን የተስተካከለ ጊዜ የሰጠው የበጋው ጥማት ነው።

አራተኛው ሁኔታ ብዙም አይወራለትም። አንዳንድ ዓመት የበልጉ ዝናብ ተቆራርጦ መደበኛው አበባ ካለፈ በኋላ በሰኔ መጀመሪያ ሌላ አበባ ይመጣል። ሰኔ 10 ያበበ ፍሬ ከጥር 5 እስከ መጋቢት 5 ይደርሳል። ለማድረቅ ከሁሉ የተመቸ ወቅት ነው። ነገር ግን ፍሬው ገና ለጋ ሆኖ ክረምቱን በሙሉ ስለሚያሳልፍ በበሽታ በኩል አደጋው የከፋ ነው፤ ለቀማውም ከሚቀጥለው አበባ ጋር ይጋጫል።

በሽታና ተባይ

የቡና ፍሬ በሽታ በኬንያ በ1922 (እ.ኤ.አ.) የታወቀ ሲሆን በአገራችን መኖሩ የተረጋገጠው በ1971 (እ.ኤ.አ.) ነው። አምጪው ኮሌቶትሪከም ካሃዋይ የተባለ ፈንገስ ነው። አረንጓዴውን ፍሬ ጥቁርና ሰርጎድ ያለ ነጠብጣብ ያወጣበታል፤ ከዚያም ፍሬው ጠቁሮና ደርቆ በቅርንጫፉ ላይ ይቀራል ወይም ይረግፋል። ፍሬው ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ የሚጠቃው ካበበ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ማለትም ውስጡ ገና ለስላሳ ሆኖ በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት ነው። በሚቀላበት ጊዜም እንደገና ይጠቃል።

በዚህ መለኪያ የኅዳር 6ቱን አበባ ብናየው አደገኛው ጊዜ ከታኅሣሥ 4 እስከ የካቲት 14 ያለው ስለሆነ፣ በጋ ነውና፣ በሽታው ብዙም አይጎዳውም። የመጋቢት 30ው ግን ከሚያዝያ 28 እስከ ሐምሌ 8 ነው። እንግዲህ የመደበኛው ሰብል ለጋ ፍሬ በዝናብ ውስጥ በሚያድግበት ወር የኅዳሩ ፍሬ ከላይ በዚያው ዛፍ ላይ እየቀላ ይሆናል። የቀላው ፍሬ ከታመመ የዝናቡ ጠብታ የበሽታውን ዘር ወደ ታችኛው ለጋ ፍሬ ያወርደዋል። ያለ ወቅቱ የመጣው ፍሬ ራሱ ቢያመልጥም ለዋናው ሰብል በሽታ አቀባይ ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ተመርጠው ቁጥራቸውን ከዚያ ዓመት ያገኙት 74110 እና 74112፣ በዚህ ጉዳይ ሁሉን የሚፈቱ ይመስላቸዋል አንዳንዶች። ዝርያው በሽታውን ይቋቋማል፤ ያለ ወቅቱ ከማበብ ግን አያድንም፤ ተባይንም አይከለክልም።

ተባይ ስንል የቡና ፍሬ ሠርሣሪዋን ጥንዚዛ ማለታችን ነው። መጠኗ ከአንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ሴቷ በፍሬው ጫፍ፣ በእምብርቱ አካባቢ፣ ትንሽ ክብ ቀዳዳ በስታ ትገባና በፍሬው ውስጥ ትራባለች። በሁለት ምርት መካከል የምትኖረው ሳይለቀም በዛፉ ላይ በደረቀና መሬት በወደቀ ፍሬ ውስጥ ነው። ምግብ ያጣችበት ጊዜ ካለ ቁጥሯ ይቀንሳል። ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ፍሬ የሚገኝበት ጓሮ ግን ሁልጊዜ ቤትና ቀለብ ይሆናታል። ስለዚህ ከለቀማ በኋላ ቃርሚያውን አጥርቶ መልቀም፣ የወደቀውን ማንሣት፣ የተበሳውን ፍሬ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውኃ ውስጥ መንከር ወይም በጥልቀት መቅበር ያስፈልጋል። በጓሮ ጥግ መጣሉ ጥቅም የለውም፤ ጥንዚዛዋ በርራ ትመለሳለች።

ይነሣ ወይስ ይተው?

ውሳኔው በብዛቱ ላይ የተመሠረተ ነው። አበባው በታየ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ከጓሮው ከተለያየ ቦታ 10 ዛፎች ተመርጠው፣ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ያበቡትንና እንቡጣቸው ገና ያንቀላፋውን አንጓዎች መቁጠር ነው። ይህን ለማድረግ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ያበበው እዚህም እዚያም ጥቂት ከሆነ፣ ፍሬው የስፒል ራስ እንዳከለ በለቀማው ጊዜ አብሮ በእጅ ማርገፍ ይሻላል። የሚገኘው ጥቂት ኪሎ ለዋናው ሰብል ከሚያመጣው ጣጣ አይበልጥም። ገበሬው ፍሬ ማርገፍ ይከብደዋል፤ ይህን እናውቃለን። ስለዚህ በአንድ ዛፍ ላይ አርግፎ ጎን ያለውን ትቶ እንዲያወዳድር ማድረግ ከብዙ ቃል ይበልጣል። ያበበው ብዙ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ከተቆጠሩት አንጓዎች ግማሹን ያህል ካበበ፣ ያ የዓመቱ ሰብል ነውና ማርገፍ አይገባም፤ መሬቱን በጉዝጓዝ ሸፍኖ ርጥበቱን ማቆየትና ለክረምት ለቀማ መዘጋጀት ነው።

ለቀማን በተመለከተ የምንለው አጭር ነው። ቅርንጫፉን በእጅ ጠርጎ የሚለቅም ሰው ቀዩን፣ አረንጓዴውንና እንቡጡን ባንድነት ያወርደዋል። አበባ በተበተነበት ዓመት ቀዩን እየመረጡ ደጋግሞ ከመልቀም ሌላ መንገድ የለም።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድርሻ

ቡናን በአበባው መሸጥ በገጠር የቆየ ነገር ነው። ገንዘብ ያጠረው ገበሬ ገና ያልያዘ ፍሬ በዝቅተኛ ዋጋ ያስማማል። በመደበኛው አበባ እንኳ ጉዳት አለው፤ በኅዳር አበባ ሲሆን ደግሞ ገበሬው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንደኛ፣ አበባው በጋውን ሳያልፍ ከረገፈ የተዋዋለውን ያህል ማስረከብ አይችልም፤ ጉድለቱንም ከዋናው ሰብል ላይ እንዲከፍል ይገደዳል። ሁለተኛ፣ ዋናው ሰብል ራሱ በዚያው መጠን ቀንሶ ይጠብቀዋል። ማኅበሩ አባላቱ በኅዳርና በጥር አበባ ላይ እንዳይዋዋሉ ማስረዳት፣ አቅም ካለውም ለእህል መግዣ የሚሆን አነስተኛ ብድር በዚያን ጊዜ ማቅረብ ይኖርበታል። የራሱን የዓመት ዕቅድ ሲያወጣም በአበባ ወሬ ሳይሆን ከላይ በተገለጸው ቆጠራ መመራት አለበት።

በክረምት የሚደርሰውን ቡና ከመስከረም በኋላ ከሚደርሰው ጋር መቀላቀል ሙሉውን ክምር ዋጋ ያሳጣዋል። ማኅበሩ ለብቻው ተቀብሎ ለብቻው ቢያደርቀው ይመረጣል። መጠኑ አነስተኛ ከሆነ በእጅ መፈልፈያ ፈልፍሎ ማጠብ ይቻላል፤ የታጠበ ቡና ከጀንፈል ይልቅ ቶሎ ይደርቃልና። አልጋው ከመሬት ከፍ ያለ፣ በላዩ የፕላስቲክ መጠለያ ያለው፣ ጎንና ጎኑ ለነፋስ የተከፈተ ይሁን። ፕላስቲኩን በቀጥታ በቡናው ላይ አልብሶ መዋል ቡናውን ያፈላዋል። ሲደርቅ ርጥበቱ ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ያስፈልጋል።

ከሐይቁ በፓምፕ ለሚያጠጡ

ውኃ በእጁ ያለ ገበሬ አበባውን መምራት ይችላል። የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚጠጣ ቡና ፈጽሞ አይጠማም፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ እየተንጠባጠበ ያብባል። የምንመክረው ለቀማው ሲያልቅ ውኃውን ጨርሶ ማቆም ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ያህል ዛፉ ይጠማ። በቀትር ቅጠሉ ቢጠወልግና ማታ ቢያገግም አያሰጋም፤ ጠዋት ጸሐይ ሳይወጣ ጠውልጎ ከተገኘ ግን ጥማቱ ከልክ አልፏልና መጠጣት አለበት። ከዚያም በአንድ ጊዜ ጠግቦ እንዲጠጣ ይደረግ፤ ውኃው ወደ ሥሩ እስኪዘልቅ። ከ8 እስከ 12 ቀን ውስጥ አበባው ባንድነት ይወጣል። ከዚህ በኋላ ዝናቡ እስኪገባ ማጠጣቱ መቋረጥ የለበትም፤ አለዚያ የያዘው ፍሬ ይረግፋል። እስከ ዝናቡ የሚያደርስ ነዳጅ የሌለው ገበሬ ባይጀምረው ይሻላል።

በዚያው ጓሮ ያለው ሎሚ ዓመቱን ሙሉ ሲያብብ ቢታይ ጠባዩ ነው፤ በለስላሳ አየር ሎሚ ዕረፍት አያውቅም፤ ገበያውም ሁልጊዜ ስለሚፈልገው አይጎዳም። ማንጎ ደግሞ ለማበብ ይበልጥ የሚጠብቀው የሌሊቱን ቅዝቃዜ ነውና የቡናው ቆጠራ ለእርሱ አይሠራም። ለሁለቱም በአንድ ቀን ውኃ አቁሞ በአንድ ቀን መልቀቅ አያስፈልግም፤ የቡናው መስመር ለብቻው ቦይ ሊኖረው ይገባል።